አረጋዊ ወደ መጦሪያ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሳለ፣ በዚያ በጭንቅ ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ለዮሐንስ አደራ እንደ ሰጠ፣ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ዠምሮ እመቤታችንን ወደ ቤቱ እንደ ወሰዳት ሁላችንም ከወንጌል ተምረናል። ይህንንም በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ስንሰማ እናለቅሳለን። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። አደራው የተሰጠው ተለይቶ ለታወቀ ሰው ነበር፤ ያገኘ ሰው ያንሣት ተብሎ አልተተወም። ማን እንደሚወስዳት፣ በማንስ ቤት እንደምትኖር ታውቆ ተሰጠ። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የደከመ ሽማግሌ ወይም የደከመች ባልቴት ቤታቸውን ለቀው ወደ አረጋውያን መጦሪያ ከመግባታቸው አስቀድሞ ምን መመርመር፣ ማንንስ መጠየቅ እንደሚገባ ለመግለጽ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈን 114 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አምቦን እናገኛለን፤ ከዚያም ወዲያ ጉደርና ጌዶ፣ ባኮም አሉ። በእነዚህ ከተሞች ወጣቱ ትምህርቱን ሲፈጽም ግማሹ ወደ አዲስ አበባ፣ ግማሹም ወደ ዐረብ አገር ለእንጀራ ይሄዳል። በቤት የሚቀሩት አባትና እናት ናቸው። በቀድሞ ዘመን ከልጆች አንዱ ከወላጆቹ ጎን ጎጆ ቀልሶ፣ በሬያቸውን ጠምዶ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይጦራቸው ነበር። ልጅ ያልወለደም በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በታወቀው በጉዲፈቻ ሥርዐት የሰው ልጅ እንደ አብራኩ ክፋይ አሳድጎ ጧሪ ያገኝ ነበር። ሌላውም በስተርጅና መንኩሶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ በትንሽ ጎጆ ይቀመጥ፣ ምእመናንም በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ያስቡት ነበር። ጡረታ የሚለው ቃላችንም ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሁኖ፣ የግእዙ ጾረ ተሸከመ ማለት እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ መጦር ማለት መሸከም ነው፤ ሸክምም ተሸካሚ ያሻዋል።

ተሸካሚው ከመንደር እየራቀ በሄደ መጠን የመጦሪያ ቤት ነገር በየቤታችን መነሣቱ የማይቀር ሁኗል። በአገራችን ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሲሆን፣ ቢንያም በለጠ በተባሉ ኢትዮጵያዊ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ተዠምሮ ዛሬ በሺሕ የሚቈጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ ያኖራል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን ብቻ እንደሚበቃ የሚናገረው መርሑም በብዙዎች አፍ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማመስገን እንጂ ማንቋሸሽ አይገባም። ነገር ግን የዚያ ቤት አልጋ ማንም ለሌለው ሰው የተዘረጋ መሆኑን ዘንግተን፣ ልጅም ጎረቤትም ያለውን ሰው ሁሉ ወደዚያ ለመስደድ ብንቸኩል በሁለት ወገን እንበድላለን፤ የተላከውን ሰው ከቤቱ እንነቅላለን፣ በጎዳና የወደቀውንም አልጋ እንነሣዋለን።

ነገሩ ይብራራ ዘንድ በምሳሌ እንናገር። አንዲት እናት በአምቦ ከተማ ይኖራሉ እንበል። ዕድሜያቸው 78 ነው። ባላቸው ሙተዋል፤ ጠላ ጠምቀው ልጆች አሳድገዋል፤ የጡረታ አበል የላቸውም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማታ ማታ ይቃዡ፣ የሞቱትን ባላቸውን በስም ይጠሩ፣ ምድጃ ላይ ድስት ጥደው ይረሱ ዠመር። ጎረቤት ደንግጦ አዲስ አበባ ወዳለው ልጃቸው ስልክ ይደውላል። ልጁም በማግሥቱ መጥቶ፣

«እማዬ፣ እኔ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከአራት ልጆች ጋር ነው የምኖር። እኅቴም ከዐረብ አገር አትመለስም። እዚህ ብቻሽን እሳት ከሚበላሽ፣ ሐኪምም ምግብም ወዳለበት መጦሪያ ልውሰድሽ» ይላቸዋል።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እዚያ ስሞት ማን ይቀብረኛል? ዕድሬ እዚህ ነው፤ የአባትህም መቃብር እዚህ ነው» ይሉታል።

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱም ግትር አይደሉም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ከሁለቱ መካከል የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ምርመራ ነው።

እስቲ ይመርመሩ። አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂዱ። አምቦ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሪፈራል ሆስፒታል አለው። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሲያይ የዓይን ሞራ ሊያገኝ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከሚገኙት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ምክንያት እንደ ሆነ ታውቋል። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ደዌ ነው። ሌሊት መቃዠታቸውም ከእርጅና የመጣ የአእምሮ መድከም ላይሆን ይችላል። በሽማግሌ ሰው ላይ የሽንት ቧንቧ መመረዝ፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ጥማት፣ ወይም የማይስማማ መድኀኒት በጥቂት ቀን ውስጥ አእምሮን እንደሚያምታታ፣ ምክንያቱም ሲታከም ብዙውን ጊዜ ልቡናው እንደሚመለስ ሐኪሞች ያውቃሉ። በድንገት የመጣን መቃዠትና ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ የመጣን መርሳት ለይቶ ማየት እንግዲህ የመዠመሪያው ሥራ ነው። እንዲሁም ብዙ ጊዜ መርሳት የሚመስለው ነገር ጆሮ አለመስማት፣ ወይም ከብቸኝነት የተነሣ የመጣ የልብ ሐዘን ሁኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው በችኮላ ወደ መጦሪያ ቢገባ፣ በሁለት ሳምንት ሊድን በሚችል ደዌ ምክንያት የቀረውን ዕድሜውን በሙሉ ከቤቱ ተለይቶ ሊኖር ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ሰውየው በገዛ እጁ ምን መሥራት እንደሚችል ማየት ነው። በአሜሪካ ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው መለኪያ ስድስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ወደ መጸዳጃ መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቈጣጠር፣ እንጀራ ቈርሶ መጉረስ። ይህ መለኪያ ለመረዳት ቀላል ሁኖ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ማናቸውም ቤተ ሰብ ስድስቱን ጥያቄ በቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። ከስድስቱ አምስቱን በራሱ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ረዳት ነው፤ ስድስቱንም የማይችል ሰው ግን ቀንና ሌሊት አጠገቡ የሚሆን ሰው ያሻዋል። በምሳሌ ያነሣናቸው እናት ቢጠየቁ፣ ገላቸውን የሚታጠቡ፣ ልብሳቸውን የሚለብሱ፣ በገዛ እጃቸው የሚጐርሱ ሁነው እናገኛቸዋለን። የቸገራቸው እሳቱ ነው። ለእሳቱ ደግሞ መፍትሔው የጎረቤት ልጅ ጧት ማታ መጥታ ወጥ ብትሠራላቸው ነው እንጂ ከአምቦ መነቀል አይደለም።

ሦስተኛው ምርመራ ስለ ኑሮአቸው ነው። ከዘመድ ማን አለ? ቤቱ የማን ነው? የቀበሌ ቤት ከሆነ እርሳቸው ሲወጡ ምን ይሆናል? የራሳቸው ከሆነስ ማን ይይዘዋል? ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ የሚቈጣ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን እናትን ወደ መጦሪያ፣ ቤቷንም ወደ ገበያ የሚያወጣ ልጅ በምድራችን የለም ብለን ራሳችንን አናታልል። ጌታችንም በወንጌል፣ ለወላጆቻቸው የሚገባውን ርዳታ ቍርባን ነው በሚል ሰበብ ይከለክሉ የነበሩትን ሰዎች ገሥጿል። ዛሬም መጦሪያ አስገባኋት የሚለው ቃል ለአንዳንዱ ሰው እንደዚያ ያለ መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው በብዙ አገር መዝገብ የማይገኝ፣ በእኛ ዘንድ ግን ሊቀር የማይገባው ጥያቄ ነው። ሰውየው ሲናዘዙ የኖሩት ለማን ነው? ይቈርባሉን? የሚገቡበት ቤት ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነውን? በሚሞቱበት ጊዜ የት ይቀበራሉ? የሚናገሩትስ ቋንቋ ምንድር ነው? ከአምቦና ከጌዶ ገጠር የመጡ ብዙ አረጋውያን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አእምሮ ሲደክም ደግሞ በኋላ የተማሩት ቋንቋ አስቀድሞ ሊጠፋባቸው ይችላል። ቋንቋቸውን የሚሰማ አንድ ሰው በሌለበት አዳራሽ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ጠግቦ ቢያድርም በእስር ቤት እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ከዘመናዊ መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ነገር መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከሐዋርያት ዘመን ዠምራ እንደምታውቀው እናስታውሰው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶች ስለ ተዘነጉ ማጕረምረም ተነሣ። ሐዋርያትም ነገሩን አላቃለሉትም፤ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው ሥራውን ለእነርሱ ሰጡ፤ ከሰባቱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በመዠመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 መበለቶች በመዝገብ የሚጻፉበትን ሥርዐት ሲሠራ፣ ዕድሜዋ ከስድሳ እንዳያንስ፣ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት ብትሆን አስቀድመው እነርሱ የወላጆቻቸውን ብድር መመለስ እንዲማሩ አዝዟል። ምክንያቱንም ገልጾታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሸክም በዝቶባት በእውነት ብቸኛ የሆኑትን መርዳት እንዳይሳናት ነው። እንግዲህ መመርመር የጨዋነት ጕድለት አይደለም። የድኻው ድርሻ ለድኻው እንዲደርስ የሚጠብቅ በር ጠባቂ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ከከተማው ውጭ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ ባሠራ ጊዜም፣ በርኅራኄና በሥርዐት የሚመራ ሥራ አድርጎ ነው ያቆመው።

በውጭ አገርም የሆነው ትምህርት ይሰጠናል። በአሜሪካ መንግሥት ለድኾች የሕክምና ወጪ የሚከፍልበት ሜዲኬይድ የተባለ ሥርዐት በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ተመሠረተ። ለመጦሪያ ቤት የሚከፈለውም ገንዘብ በዚሁ ስለ ተገኘ ብዙ ሰው ወደነዚያ ቤቶች ገባ። ከገቡትም መካከል የአእምሮ ሕመምተኞችና ከልጅነታቸው የአእምሮ ዕድገት ጕድለት ያለባቸው ሰዎች ይገኙ ነበር፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ርዳታ ግን በዚያ አልነበረም። ስለዚህ በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ) በወጣው ሕግ፣ ከሜዲኬይድ ጋር ወደሚሠራ መጦሪያ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንዲጣራ ታዘዘ። መዠመሪያ አጭር ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ጕድለት ያለበት ከመሰለ ሁለተኛ ጥልቅ ምርመራ ይደረጋል፤ በእውነት መጦሪያ ያስፈልገዋልን? ልዩ ርዳታስ ያሻዋልን? ተብሎ ይወሰናል። በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ደግሞ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከሕዝብ መካከል ሊኖር የሚችልን ሕመምተኛ ያለ አስፈላጊነት በማቆያ ቤት ማኖር አድልዎ መሆኑን ፈረደ። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦችም ወላጆቻቸውን በሜዲኬይድ በኩል ለማስገባት ሲፈልጉ ይኸው ጥያቄ ይደርሳቸዋል። እኛም ከዚህ የምንማረው፣ መንግሥት ገንዘብ ሲከፍል በሩ በቶሎ እንደሚከፈት፣ ጥያቄው ግን ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ነው። ባለጠጋው አገር ከሃያ ዓመት በኋላ የተማረውን እኛ ከዠማሬው ብንይዘው ይበጃል።

የአገራችን ሕግ መሠረቱን አላጓደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ርዳታ እንዲመድብ ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 213፣ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደንግገዋል፤ የኦሮሚያ ክልልም የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ አለው። ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በ2007 ዓ.ም. ጸድቋል።

ርዳታ የሚገባውን ሰው የመለየትም ሥራ ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ዠምሮ የተቋቋመው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ መሥራት የሚችለውን በሥራ፣ ጕልበት የሌለውን ሽማግሌና ሕመምተኛ ግን በቀጥታ ድጋፍ ይረዳል። የከተማውም ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ገደማ በ11 ከተሞች ተዠምሮ ወደ ሌሎች ብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። በዚህ ሥራ የሰፈር ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ችግረኞችን ይለያል፤ ስማቸው በአደባባይ ይገለጻል፤ ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን ያቀርባል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለመክፈል የማይችሉትን ለይቶ መዋጮአቸውን መንግሥት እንዲሸፍን ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ፣ ዘይትና ብር ለመስጠት ይህን ያህል የምንመረምር ሰዎች፣ የሰውን ቀሪ ዕድሜ ለመወሰን በአንዲት የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ልንረካ አይገባንም።

አንድ አንባቢ፣ «መጦሪያ ቤቱ ራሱ ባልበቃበት አገር ስለ ማጣሪያ መናገር ለተራበ ሰው ስለ ገበታ ሥርዐት እንደ ማስተማር ነው» ይለን ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ልናቃልለውም አንሻም። ጥያቄ ሲበዛ ድኻ በደጅ ጥናት ያልቃል። በጊንጪ ገበያ ዳር ዘመድ የሌለው፣ እግሩ የማይሄድ፣ በራሱ ቈሻሻ ላይ የተኛ ሽማግሌ ቢገኝ፣ የልደት ወረቀትህን አምጣ፣ ሦስት ምስክር ቍጠር ማለት ግፍ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ምርመራው መነሣቱን ማዘግየት የለበትም። አስቀድሞ ይነሣ፣ ይታጠብ፣ ይጉረስ፤ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየ ሳል ካለው የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ይመርመር፤ ይህም ለእርሱ ጤና፣ አብረውት ለሚተኙትም ደኅንነት ነው። ነገር ግን ይህን ሽማግሌ የሚያነሣው አልጋ ባዶ ሁኖ የሚገኘው፣ ሌላው ባለ ቤትና ባለ ልጅ በቤቱ እንዲረዳ የተደረገ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ አልጋ ማነሱ ማጣሪያን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም፤ እንዲያውም አልጋ ባነሰ ቍጥር ማጣራቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ደግሞም የተመረመረ ሰው ሁሉ ከመጦሪያ ይቅር ማለት አይደለም። ስድስቱንም ነገር የማይችል፣ ልጆቹም ቀን ከቀን ሥራ የሚውሉ፣ ገላው በመተኛት ብዛት የቈሰለ አባት ቢኖር፣ መልካም መጦሪያ ማስገባት አለመታዘዝ አይሆንም። አንዳንዲት ሴት ልጅ ለዓመታት ብቻዋን አባቷን ስትገለብጥ ወገቧ ተሰብሮ፣ ትዳሯም ተናግቶ ይገኛል። የሰው አፍ ፈርታ እስክትወድቅ ድረስ እንድትሸከም ማድረግ ጽድቅ አይደለም። ምርመራው የልጅንም አቅም መጠየቅ አለበት። ከገቡም በኋላ ነገሩ አያበቃም፤ የታመመ ሊድን፣ የዳነም ሊደክም ይችላልና በየጊዜው እንደገና ማየት፣ ለመመለስ የሚችለውንም መመለስ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ራሳቸው አረጋዊው ይጠየቁ። ልጆች በጓዳ ተሰብስበው፣ የቀበሌ ሰው መጥቶ፣ ጎረቤት መክሮ ሲያበቃ፣ ባለ ጕዳዩ ጥግ ላይ በርጩማ ተቀምጠው ዕቃ እንደሚጫንላቸው ሰው ዝም ብለው የሚያዩበትን ጊዜ ስንቶቻችን አይተናል! አእምሮአቸው ቢደክም እንኳ የሚወዱትንና የሚጠሉትን ያውቃሉ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ የኖረን ሰው በራሱ ነገር ላይ አለመጠየቅ ትልቅ ነውር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየደብሩ ሰንበቴውና ጽዋ ማኅበሩ፣ ዕድሩም፣ ከአባላቱ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎች መርጦ፣ በሰፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በወር አንድ ጊዜ እንዲጎበኝ ያድርግ። የንስሐ አባቶችም የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ስለሚያውቁ ከሁሉ አስቀድመው ድካሙን ያያሉ። ዕድራችን ለቀብር የሚከፍለውን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂቱን ከሞት በፊት ለሐኪምና ለረዳት ቢያውለው፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን በራቀ ነበር። ልጆችም ከሩቅ የሚልኩት ገንዘብ በጎረቤት እጅ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ስልክ ሲደውሉም ደኅና ነሽ ወይ ብለው ብቻ አይዝጉ፤ ትላንት ምን በላሽ? ማን አበሰለልሽ? ወደ ቤተ ክርስቲያን ማን አደረሰሽ? ብለው ይጠይቁ። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ነገር ይታወቃል።

በምሳሌ ያነሣናቸው እናት ሐኪም ዐይቷቸው፣ የሽንት መመረዙ ታክሞ መቃዠቱ ቢተዋቸው፣ ዓይናቸውም ለሞራው ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ፣ የጎረቤት ልጅም እሳቱን ብትጠብቅላቸው፣ በሚመጣው ፋሲካ ሌሊት ጧፍ ይዘው በደብራቸው ቅጽር ሊገኙ ይችሉ ነበር። ባይመረመሩ ግን ያን ሌሊት በማያውቁት አዳራሽ፣ የማያውቁትን ግድግዳ እያዩ ያሳልፉት ነበር። የምርመራ ጥቅሙ ይህን ያህል ነው።

እናቱን በመስቀል ላይ ሳለ ያልረሳ አምላክ፣ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን የምናስብበት ልቡና ይስጠን፤ እኛንም በእርጅናችን ጊዜ አይጣለን። አሜን።